ሞኝና ወረቀት

ተገልብጦ የተቀመጠ ጽሑፍ ሳልቸገር አነባለሁ። እንዲያውም አንዳንዴ ቶሎ የሚገባኝ እሱ ነው። ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ይደነቃሉ፤ ከጠረጴዛ ማዶ የሚቀመጡ ሰዎች ግን አይወዱልኝም። አንድ ጊዜ ሆሳዕና ላይ ለአንዲት ማህተም ብዬ አንድ ቢሮ ገብቼ፣ ወንበር ተሰጥቶኝ ስጠብቅ፣ ኃላፊው የሚጽፉትን ደብዳቤ ዓይኔ ከወዲህ ሆኖ ሲከተለው ኖሮ፣ ሳላስበው «ጋሼ፣ ዓመተ ምሕረቱን የአምናውን ነው የጻፉት» አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወረቀቱን በክንዳቸው ጋረዱ። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝና «ውጭ ጠብቅ» አሉኝ። ውጭ ስጠብቅ ዋልኩ። ዓመተ ምሕረቱ ግን ተስተካክሎ ወጣ፤ በሱ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

ሌላም ጠባይ አለብኝ። መንገድ ላይ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡ ልጆች ሳገኝ የምገዛው ለወረቀቱ ነው። አብዛኛው የተማሪ ፈተና ነው። የማላውቀው ልጅ በጂኦግራፊ ከ20 አሥራ አራት ማምጣቱን አይቼ ቀኑን ሙሉ ስቦርቅ የዋልኩበት ጊዜ አለ። መድኃኒት ሲታዘዝልኝ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የሚመጣውን ወረቀት ሳልጨርስ ክኒኑን አልውጥም፤ ከጨረስኩ በኋላም ለመዋጥ ብዙ ልመና ያስፈልገኛል። መጽሐፍ ሳነብ ደግሞ የማቋርጠው ዓረፍተ ነገር መሐል ነው። ገጹን ጨርሼ፣ ነጥቡ ላይ ደርሼ ከዘጋሁት እንቅልፍ አይወስደኝም። ለምን እንደዚህ እንደ ሆንኩ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ፤ ቡናው ገና አልፈላም።

የመገልበጡን ነገር ያስተማረችኝ አክስቴ ናት፤ ያውም ሀ ሁ ሳትቆጥር። ሀደሮ ላይ የነበረን ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። መስቀል ሲቃረብ ቤቱ ይታደሳል። እኛ ዘንድ መስቀል የዓመቱ ትልቅ በዓል ነው፤ አዲስ አበባ የሄደውም፣ ወንጂ ሸንኮራ የወረደውም የሚመለሰው ያን ጊዜ ነውና ግድግዳው በአዲስ ጋዜጣ መለጠፍ አለበት። አዲስ ስል ለግድግዳው አዲስ ማለቴ ነው፤ ጋዜጣውማ ከታተመ ቆይቷል። አክስቴ ዱቄት በጥብጣ ታፈላና ሙጫዋን በቡትቶ እየቀባች አዲስ ዘመኑንም ሠርቶ አደሩንም ትለጥፋለች። ፎቶ ያለበትን ገጽ አቃንታ ነው የምትለጥፈው፤ ሰው በራሱ ቆሞ አይታይማ። ፎቶ የሌለበትን ግን የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደ ሆነ በምን ትወቅ? እጇ እንዳመጣላት ነው። ታዲያ በዚያ ዘመን ፎቶ ያለበት ገጽ ላይ የሚኖረው ስብሰባ፣ ምረቃና ንግግር ነው። ትረካው፣ ግጥሙ፣ የፍርድ ቤት ወሬው ፎቶ የለውም። እንግዲህ ስብሰባውን ቀጥ ብዬ አነባለሁ፤ ታሪኩ ሲመጣ መደቡ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ፣ እግሬን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ ጭንቅላቴን ወደ ታች አዘቅዝቄ። ደሜ ወደ ራሴ እየወረደ፣ ጆሮዬ እየጮኸ። ከጊዜ በኋላ መጋደሙም ቀረ፤ ዓይኔ ለመደ።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው በሐምሌ 1971 ተጀምሮ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ማስተማር ሲጀምር ከምባትሳና ሀዲይሳም ከነዚያ ውስጥ ነበሩ፤ መማሪያቸውም በሳባ ፊደል ታተመ። ዩኔስኮ ኢትዮጵያን በዚያ ዘመቻ መሸለሙን ያወቅኩት አድጌ ነው። እኔ ያየሁት አክስቴን ነው። እንሰት ስትፍቅ ውላ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ደብተሯን ጡቷ ሥር ሸጉጣ ስትሄድ። ዙሩን ጨርሳ ወረቀቷን የተቀበለች ዕለት ማታ ኩራዙን አንሥታ ግድግዳው ሥር ቆመች። አየችው። አንገቷን አዘነበለች። እንደገና አየችውና በከምባትሳ «ይሄ ሁሉ ዘመን ተዘቅዝቆ ነው የኖረው?» አለች። ድምጿ ውስጥ የነበረው ኀዘን አይረሳኝም፤ የሰው ንግግር ዘቅዝቃ ያኖረች ነው የመሰላት። በነጋታው ልታነሣው ስትነሣ አለቀስኩባት። ገና ያልጨረስኩት ነበረ።

አሁን ወደ ጨዋታዬ ልግባ።

ያን ቀን ቤታችን ሽማግሌ ተቀምጧል። ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ የመጡ ናቸው። አባቴ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ያወራል፤ እንዲህ ያለ ነገር በቀጥታ አይጀመርም። እህቴ ጓዳ ተደብቃ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ቆጮው ተጋግሯል፣ ጎመኑ ተቀቅሎ ተከትፏል፣ አይቡ ወጥቷል፣ ቅቤው ተነጥሯል። ጨው የለም። እናቴ በጓሮ በር ጠርታ ስሙኒ አስጨበጠችኝና መሬት ላይ «እንትፍ!» አለች። «ይህ ምራቅ ሳይደርቅ!» ተልኮ ያደገ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። ምራቁ ከደረቀ የሚከተለውን አርጩሜም ያውቀዋል። እኔም በረርኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ቢባልም፣ የኔስ ቁምጣ በገመድ የታሰረች ናትና አልተፈታችም፤ የተፈታው ሌላ ነገር ነው።

የሱቁን ነገር ትንሽ ላስረዳ። ሀደሮና አካባቢዋ በዚያ ዘመን የዝንጅብል አገር ናት። በየደጁ ሰሌን ላይ ይሰጣል፤ አየሩ ራሱ ጉሮሮ ይቆጠቁጣል። የደረቀውን ዝንጅብል ጭነው የሚሄዱት መኪኖች ሲመለሱ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና በኪሎ የሚሸጥ አሮጌ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። እኔ የማነበው ሁሉ ወደኛ የገባው በዝንጅብል መኪና ነው ብል አላጋነንኩም። ባለሱቁ ወረቀቱን ባንኮኒ ሥር ይከምረውና በየመጠኑ እየቀደደ ይጠቀልልበታል። ስኳር ሲገዛልን ጋዜጣ አነባለሁ፤ በርበሬ ሲገዛም አነባለሁ፤ ሁሉም ቁራጭ ነው፤ መጀመሪያውም መጨረሻውም የለውም። እንዲህ ስለ ለመድኩ ቅር አይለኝም ነበር።

ያን ቀን ግን ባለሱቁ ጋዜጣ አልቆበታል። ጨዉን በጣሳ ሰፍሮ ጎንበስ አለና ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፍ! አንድ ቅጠል ቀጭ አደረገና በቀንድ መልክ ጠቅልሎ፣ ጨዉን አፍስሶ፣ አፉን አጥፎ ሰጠኝ። እኔ የያዝኩትን ስሙኒ እንኳን የሰጠሁት አይመስለኝም ነበር፤ ዓይኔ እጁ ላይ ቀርቷል።

መንገድ ስጀምር ሩጫዬ ወደ እርምጃ ተለወጠ። በጥቅሉ ዙሪያ እየተሽከረከረ የሚሄደውን ጽሑፍ ጥቅሉን እያዞርኩ አነበብኩት። አንድ ሰው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ወርዷል። ሆቴል ገብቶ ክፍል ይዟል። አልጋው ላይ ተቀምጦ የያዘውን ሻንጣ ሲያይ የሱ አይደለም። ተመሳስሎበት የሌላ ሰው ሻንጣ አንሥቶ ወርዷል። መስኮቱን ዘጋ፣ በሩን ቆለፈ፣ ከኪሱ ሰንጢ አወጣ… እዚህ ላይ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ገባ፤ ወደ ጨዉ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ዋርካው ሥር ቆምኩ፤ የጥቅሉን አፍ ፈታሁ፤ ጨዉን በጥንቃቄ፣ አንዲት ፍሬ ሳላባክን፣ በቁምጣዬ በሁለቱ ኪሶች ገለበጥኩት። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አቃንቼ ዘረጋሁት። በሰንጢው ቁልፉን ፈለቀቀው። ኮሪደሩ ላይ የሰው ኮቴ ሰምቶ ቆመ። ኮቴው አለፈ። ሁለት እጁን ክዳኑ ላይ አድርጎ ብድግ ሲያደርገው—

ገጹ አለቀ።

ዝናቡ መቼ እንደ ጀመረ አላውቅም። የኛ አገር ዝናብ አስጠንቅቆ አይመጣም። የማስታውሰው ወረቀቱን ሸሚዜ ውስጥ፣ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ በክንዴ አቅፌ፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሱቁ ስሮጥ ነው። ለወረቀቱ እንጂ ለኪሴ ያሰበ የለም። ባለሱቁ ተመልሼ ሲያየኝ ጨዉ የጎደለብኝ መስሎት ተቆጣ። «ጋሼ፣ ቀጥሎ ያለውን ቅጠል» አልኩት። «የምን ቅጠል?» «የሻንጣውን።» ነገሩ ሲገባው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ሳቀና ያስታውስልኝ ጀመር፤ ደግ ሰው ነበር። ከኔ ቀጥሎ የገነጠለው ስኳር ተጠቅልሎበት ከአንድ የጭነት መኪና ረዳት ጋር ወደ አረካ ሄዷል። ከዚያ የሚቀጥለው በርበሬ ተጠቅልሎበት በጡንጦ መንገድ ወደምትኖር አንዲት ሴትዮ ቤት ሄዷል። የቀረውን መጽሐፍ ስጠኝ ብለው «በገንዘብ ነው የገዛሁት ልጄ» አለኝ። እውነቱን ነው።

አረካ ሩቅ ነው። ጡንጦ መንገድ ግን እግር ላለው ቅርብ ነው።

እየሄድኩ ሳለ ጭኔ ላይ ቅዝቃዜ ተሰማኝ፤ ቀጥሎ ማቃጠል። ጨዉ እየቀለጠ በቁምጣዬ ወደ ታች ይወርዳል። ባለፈው ዛፍ ላይ ስወጣ የተላጠ ጉልበት ነበረኝ፤ እዚያ ሲደርስ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት። ኪሴን ብነካው ጭቃ ጭቃ ይላል። ያን ጊዜ እናቴ ትዝ አለችኝ፣ ምራቁም፣ ሽማግሌዎቹም። ግን ሰውዬው ክዳኑን ብድግ አድርጓል፤ መንገዱም ግማሽ ደርሷል።

ሴትዮዋ በርበሬዋን ወደ ጣሳ ገልብጣ ወረቀቱን እሳት ማቀጣጠያ ልታደርገው አጠገቧ አስቀምጣዋለች። «እትዬ፣ ያችን ወረቀት» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ፣ ውሃ እየተንጠባጠብኩ። ምኑን እንደፈለግሁት ሳትጠይቅ ሰጠችኝ። እንደ ጀመርኩ የበርበሬው ብናኝ ዓይኔ ገባ። በእጄ ጠረግኩት፤ እጄም በርበሬ ነክቷል። እንባዬ እንደ ጎርፍ ወረደ። አፍንጫዬም ተከፈተ። እየተንሰቀሰቅኩ፣ ወረቀቱን ወደ ዓይኔ እያቀረብኩ አነባለሁ፤ አላቆምም።

ድንገት ቀና ስል ሴትዮዋ ቆማለች። ፊቷ ተለውጧል። እጇ ደረቷ ላይ ነው። ጊዜው የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው፤ አንድ ልጇ ወደ ሰሜን ከሄደ ቆይቷል። በዚያ ዘመን ወረቀት ይዞ በራፍ ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚያመጣው። እኔ ወረቀቱን ከሷ እጅ መቀበሌን፣ ወረቀቱም ገና አሁን በርበሬ የነበረበት መሆኑን ድንጋጤዋ አስረስቷታል። «ምን ይላል?» አለችኝ፤ ድምጿ አይሰማም። እኔ የተጠየቅሁትን እመልሳለሁ። «ሰውየው ሻንጣውን ከፍቶት…» ከማለቴ ጩኸቷን ለቀቀችው። ጎረቤቱ ከነቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ወጣ። አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች መጣች። አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተክለው «ማን ነው? የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። መሐል ላይ እኔ፤ ጨው በእግሬ እየወረደ፣ በርበሬ በዓይኔ፣ ወረቀቷን ማንም እንዳይወስድብኝ ደረቴ ላይ ይዤ።

«ተረት ነው!» አልኩ በመጨረሻ። «ጨው የተጠቀለለበት ተረት ነው!»

ዝም አሉ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ሽማግሌው ወረቀቷን ተቀብለው አገላበጡ፤ እሳቸውም አያነቡም፤ ለሌላ ሰጧት፤ ያም ዝቅ ከፍ አድርጎ አያትና መለሰልኝ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ባለው ግንድ ላይ ቁጭ አለች። ትመታኛለች ብዬ ስጠብቅ ሳቀች፤ እየሳቀች አለቀሰች፤ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝና «ታዲያ ሻንጣው ውስጥ ምን ነበር?» አለችኝ። ጎረቤቱም ሳይበተን ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዲህ የኔ መከራ የሚጀምረው እዚህ ነው። በዚያ ገጽ ላይ ሻንጣው ተከፍቷል። የሆቴሉ አስተናጋጅ ራሷን ስታለች፤ ፖሊስ ተጠርቷል፤ ሰውየው «የኔ አይደለም» እያለ ይምላል፤ ሁሉም ወደ ሻንጣው ያያሉ፤ ውስጡ ያለውን ግን በስሙ የሚጠራው የለም። ስሙ የተጠራው ወደ አረካ በሄደው ቅጠል ላይ ነው። ይህን ነገርኳቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን ነቅለው «የሰው ራስ ነው» አሉ። ሴትዮዋ «ወርቅ ነው እንጂ» አለች። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው «ወርቅ አይታ ራሷን የምትስት ማን አለች?» አለች። እነሱ ሲከራከሩ እኔ አመለጥኩ።

ቤት ስደርስ ማዕዱ ቀርቦ ነበር፤ አልጫ ሆኖ። እናቴ ለእንግዶቹ የምትለው ጠፍቷት ቅቤውን ደራርባበታለች። በሩ ላይ ስታየኝ እጇን ዘረጋች። ኪሴን ገልብጬ አሳየኋት፤ የቀረው ነጭ ጭቃ ነው። ሌላው እጄ ሸሚዜ ውስጥ ያለውን ወረቀት እንደ ያዘ ነው። ያን ጊዜ ነው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ያለችው፤ ቀስ ብላ፣ ሳትጮህ፣ እንግዳ አለና። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ። ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ከዋርካው ጀምሬ። ስጨርስ ጎመኑን አይተው፣ እኔን አይተው «እንዲያው ልጁን ራሱን ወጡ ውስጥ ነከር አድርጉት» አሉ። አባቴ በጋቢው አፉን ሸፈነ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ቁምጣዬ ተወልቃ፣ በእናቴ ነጠላ ተጠቅልዬ፣ ጥግ ላይ ቆሜ፣ ከጓዳ የእህቴን ሳቅ እሰማለሁ። ጋብቻው በዚያው ቀን ተቆረጠ። እህቴ ዛሬም ልጆቿን ስትቆጣ «እኔ በአልጫ ጎመን ነው የተዳርኩት» ትላለች። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ስሜ «ጨው» ሆነ። ትምህርት ቤት ስም ሲጠራ እንኳን በስሜ «አቤት» ከማለቴ በፊት ከኋላ «ጨው!» የሚል ነበረ።

በማግስቱ ሳንቲም ለምኜ ሱቁ ሄድኩ። ገበያ ነበር፤ መጽሐፉ አልቋል። ለጨው፣ ለበርበሬ፣ ለሻይ ቅጠል ተበታትኖ ወደየገጠሩ ሄዷል።

የጡንጦ መንገዷ ሴትዮ ግን አልተወችኝም። ከልጇ ደብዳቤ ሲመጣ ታስጠራኛለች። ቅቤ የተቀባ ቆጮ ቀድሞ ይቀርባል፤ ከዚያ ፖስታው ከሳጥን ይወጣል። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ከሚለው ጀምሮ እስከ ፊርማው፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ጎረቤቶቿም የየራሳቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ሲያነቡ መቆም፣ ሲያነቡ ቀስ ማለት፣ ክፉ ቃል ከሩቅ አይቶ ድምፅን አስቀድሞ ማለስለስ፤ ይህን ሁሉ የተማርኩት እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጬ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው የሰማሁት በኋላ ነው፤ አንድ ሰው አንብቦ አገር በሙሉ ትንፋሹን ሲውጥ ስሰማ፣ ይህ ሥራ በትንሹም ቢሆን እጄ የገባበት ነው ብዬ ኮራሁ። የሴትዮዋ ልጅ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገባ። የመጀመሪያው ጥያቄው «ደብዳቤዬን ያነብ የነበረው የትኛው ነው?» ነው አሉ። «ጨው» ብላ አሳየችው።

አባቴ አንድ ዓመት ዝንጅብሉን ጥሩ ዋጋ ሸጠና ከሆሳዕና መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ያንኑ የሀዲስ ዓለማየሁን፣ በ1958 የታተመውን፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለውን ፍቅር እስከ መቃብር። ሽፋን ነበረው። መጀመሪያ ነበረው። ስጀምረው የተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ፍርሃት ነው፤ ይህ ሁሉ ገጽ በአንድ ላይ ተሰፍቶ፣ ማንም ጨው ሳይጠቀልልበት፣ ለኔ ብቻ! ማታ ማታ በኩራዝ ሳነብ እናቴ ላምባው አለቀ ትላለች፣ አባቴ «ተዪው» ይላል። መጨረሻው ላይ ስደርስ ቀጣይ ቅጠል ፍለጋ እጄ ወደ ሽፋኑ ሄደ። ዓረፍተ ነገር መሐል የማቋርጠው ለዚህ ነው። የተቋረጠ ነገር ነገ ይጠብቀኛል፤ ያለቀው ግን ጥሎኝ ይሄዳል።

ያ ዝንጅብል በኋላ ክፉ ቀን ገጠመው። በ2004 ገደማ የገባው አጠውላጊ በሽታ ከከምባታና ከሀዲያ እስከ ወላይታ ያለውን ማሳ አጠፋው። ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ብዙ ቤት የልጆቹን ደብተር የሚገዛበትን አጣ። ይህን ሳስብ የሚቆጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድ ሕፃን መጽሐፍ እጁ የሚገባው አንድ ነገር ተሸጦ፣ ወይም አንድ ነገር ተጠቅልሎ፣ ወይም አንድ ሰው ተጨንቆ ነው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስን አስቡት፤ የነገሌ ቦረና ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጪ ሌላ መጽሐፍ እጁ የገባው በ19 ዓመቱ ነው። አሜሪካ ሄዶ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራ፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለልጆች የተጻፈ መጽሐፍ አጥቶ ሞኙ ማሞን አሳተመ፤ ተመልሶም አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፍ የጫነች የአህያ ጋሪ ወደ ልጆቹ ሰፈር ሰደደ። በኔ ልጅነት እንዲህ ያለች አህያ በሀደሮ ብታልፍ ኖሮ እኔ ዛሬም ከኋላዋ ነበርኩ።

የእህቴ ልጅ፣ ያቺ በአልጫ ጎመን ከተቆረጠው ጋብቻ የመጣችው፣ አሁን የራሷ ልጅ አላት። ሕፃኗ ከምባትሳ በላቲን፣ አማርኛ በሳባ ፊደል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከሁለቱ መሐል እየቆራረጠች ታነባለች። ባለፈው መስቀል ስሄድ የዘይት ጀሪካን ላይ የተጻፈውን ተገልብጦ ሳለ አነበበችልኝ። ማንም አላስተማራትም። ጨው ግዢ ብለው ሲልኳት አብሬያት እሄዳለሁ፤ ሱቁ ዛሬ የሚጠቀልለው በፌስታል ነው፤ ፌስታል ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር እምብዛም ስለሌለ ቶሎ እንመለሳለን። ስለዚህ በየጊዜው መጽሐፍ እልክላታለሁ፤ ሙሉ፣ ከነሽፋኑ።

እሷ ግን የምትጠይቀኝ የሻንጣውን ነው። ታሪኩን ከአያቷ ሰምታለች። እኔም አዲስ አበባ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡትን ባየሁ ቁጥር እጠይቃለሁ። አንዱ «ትርጉም ሥራ ነው» ይለኛል፤ ሌላው የደራሲውን ስም አውቃለሁ ብሎ ያመጣልኝ ሌላ መጽሐፍ ሆኖ ይገኛል፤ እሱንም ገዝቼ አነበዋለሁ። እናንተ ዘንድ ካለ እባካችሁ። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት የታተመ ነው። ሰውየው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር ይወርዳል፤ ሆቴል ይገባል፤ ሻንጣው የሱ አይደለም፤ ሰንጢ አለው፤ አስተናጋጇ ራሷን ትስታለች። መጽሐፉን ለማዋስ ከሰሰታችሁ አልቀየምም። ሁለቱ ገጾች መሐል ያለችውን ቅጠል ብቻ አንብባችሁ ሻንጣው ውስጥ ምን እንደ ነበረ ንገሩኝ፤ ሽማግሌው «የሰው ራስ ነው» ብለው ነው ያለፉት፤ ሴትዮዋ ግን በሕይወት አለች፤ ዛሬም ወርቅ ነው ትላለች።